«ጠብታ»ን ሕጋዊ ማድረግ፦ ከጎንደር የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 18

ዛሬ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። መሣሪያው ይሠራል። ከዚህ በኋላ የቀረን ፈቃዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመሥራቱ ይልቅ ረጅም መንገድ ይመስላል። በኋላ ይኼን መንገድ ለሚሄድ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

«ጠብታ» ያልነው የሮቶ ውኃ መጠን ጠቋሚ ነው። ጎንደር የኖረ ሰው ለምን እንደሠራነው አይጠይቅም። ውኃ በተራ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። የአንገረብ ግድብ ሲሠራ ከተማዋ እንዲህ አልሰፋችም ነበር፣ ደለሉም ቦታ እየያዘበት ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ ሮቶ ሰቅሏል። ሮቶ የሰቀለ ሁሉ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ አለው፦ ስንት ቀረ?

አሠራሩ ቀላል ነው። ከክዳኑ ሥር የተገጠመው ሴንሰር ድምፅ ይልካል። ድምፁ ውኃው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ሄዶ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ውኃው ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ያን ቁጥር ሎራ በሚባል ሬዲዮ፣ በትንሽ ኃይል አጫጭር መልእክት ሩቅ በሚያደርሰው፣ ቤት ውስጥ ላለው ተቀባይ ይልከዋል። ተቀባዩ ትንሽ ስክሪን አለው፣ ዋይፋይም አለው። ሲም ካርድ ያላደረግንበት ሆን ብለን ነው። ኔት ያልነበረባቸውን ወራት አይተናል። ጣሪያው ላይ ያለውን ውኃ ለማወቅ ሰው ኔት መጠበቅ የለበትም።

ሁለት ነን። እኔ ቦርዱን፣ ጓደኛዬ ኮዱን። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን።

ሬዲዮ ስላለው እንዲሁ ገበያ ላይ አይወጣም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመሣሪያውን ዓይነት ማጽደቅ አለበት። ሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ታይፕ አፕሩቫል» ነው የሚለው። እያንዳንዱ ዕቃ በየተራ አይመረመርም። አንድ ዓይነት ይመረመራል፣ ከጸደቀ በኋላ ከእሱ ጋር አንድ የሆነው ሁሉ ይሸጣል። «አንድ የሆነው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ሥራው ሁሉ እዚያች ላይ ነው ያለው።

መስከረም 27

አራዳ አጠገብ ፔንሲዮን ያላቸው እማማ መጡ። ጣሪያቸው ላይ ሁለት ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ አለ። ውኃ ሲያንስ ቦቴ ያስመጣሉ፣ ችግሩ ማነሱን የሚያውቁት ካለቀ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ለጥምቀት አድርስልኝ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ውኃ ቢያልቅ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«እማማ፣ ፈቃዱ ሳይወጣ መሸጥ አንችልም።»

«ለሮቶ ደግሞ የምን ፈቃድ ነው?»

«ለሮቶው አይደለም። ዕቃው ሬዲዮ አለው። አየሩን ከሌላ ሰው ስልክ ጋር ነው የሚጋራው። ሳናስመረምር ብንሰቅለው ማንን እንደምንረብሽ አናውቅም።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቶሎ በሉዋ!» ብለው ሄዱ።

ጓደኛዬ ዝም ብለን ለእሳቸው ብቻ ብንሰጣቸውስ አለ። ክፋት የለውም፣ አዝኖላቸው ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ። አንዱ ጣሪያ ላይ ከሰቀልን ጎረቤቱም ይፈልጋል፣ ያኔ ማቆሚያ የለውም።

ጥቅምት 4

ከውጭ ያዘዝናቸው 20 የሎራ ሞጁሎች፣ ቦርዱ ላይ የሚገጠሙት ዝግጁ የሬዲዮ ክፍሎች፣ ደረሱ። ሻጩ ገጹ ላይ «868/915» ብሎ ነበር። ቁጥሮቹ ሬዲዮው የሚናገርባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ናቸው፣ በሜጋኸርዝ። እኛ የምንፈልገው 868ን ነው። ሁለቱንም የሚሠራ መስሎን ነበር ያዘዝነው። ሞጁሉን ገልብጬ በስልኬ መብራት ሳየው ከጀርባው ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ታትመዋል። አንዱ አጠገብ 868፣ ሌላው አጠገብ 915 ይላል። በጥቁር ቀለም ነጥብ የተደረገበት 915 ነው። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጥብ ናት።

ይኼ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በ3 የሬዲዮ ቀጠና ከፍሏታል። እኛ ከአውሮፓና ከተቀረው አፍሪካ ጋር ቀጠና 1 ውስጥ ነን። አሜሪካ ቀጠና 2 ነው። ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ቦታ እንዲህ ላሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የተተወው በቀጠና 2 ነው። በእኛ ቀጠና በዚያ አካባቢ ሞባይል አለ። በ900ው ባንድ ስልካችን ወደ ታወሩ የሚናገረው ከ880 እስከ 915 ባለው ነው። ታወሩ የሚመልሰው ከ925 እስከ 960 ባለው ነው። የኛ ሞጁል ቢበራ ስልኮች ወደ ታወር በሚናገሩበት መንገድ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

ከስልክ የሚመጣው ምልክት ታወሩ ጋ ሲደርስ እጅግ የደከመ ነው። ታወሩ ጆሮውን አቅንቶ ነው የሚሰማው። ሮቶ ደግሞ የሚሰቀለው ጣሪያ ላይ ነው። እዚያው ሰፈር ጣሪያ ላይ ሆኖ ቀን ከሌት የሚጮህ ዕቃ ማለት በሽተኛ ሰው አምቡላንስ ሲጠራ መሃል ገብቶ እንደማውራት ነው።

ጓደኛዬ «ቺፑ አንድ ነው፣ በኮድ ወደ 868 አወርደዋለሁ» አለ። ልክ ነው፣ ቺፑ ይወርዳል። ነገር ግን ቺፑና አንቴናው መካከል ያሉት ካፓሲተሮችና ኮይሎች፣ አንቴናውም ራሱ፣ የተቃኙት ለ915 ነው። ማሲንቆን በአንድ ቅኝት አስሮ በሌላ ቅኝት መጫወት አይቻልም። ሃያዎቹን ካርቶን ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ «አይበራም» ብዬ ጻፍኩበት። ገንዘቡ ያሳዝናል።

ጥቅምት 23

የ868ን ሞጁል ከሌላ ሻጭ ጠየቅን። ይኼኛው «የፍተሻ ሪፖርትም አለው» ብሎ ፋይል ላከልን። ደስ አለን። ሪፖርት ያለው ሞጁል ማለት ግማሹ ሥራ ያለቀ ማለት ነው ብለን ነበር።

ማታ ሪፖርቱን ገጽ በገጽ አየሁት። መጨረሻ ላይ ፎቶዎች አሉ። ፎቶው ላይ ያለው ሞጁል በብረት ክዳን የተሸፈነ ነው። ለናሙና የደረሰን ግን ራቁቱን ነው፣ ቺፑ ፊት ለፊት ይታያል። የሞዴል ስሙም መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል ይለያል። ሪፖርቱ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ የኛ ዕቃ ሪፖርት ግን አይደለም። የሌላ ሰው መታወቂያ ማለት ነው።

ከዚህ የተማርኩትን እዚህ ላስቀምጥ፣ ለሚቀጥለው ሰው ብዙ ያድናል። ሪፖርት ሲሰጣችሁ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ፣ ማኅተሙን አትዩ። ፎቶዎቹ ወዳሉበት ሂዱ። ዕቃውን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ አካል በአካል አስተያዩ፦ ክዳኑ፣ አንቴናው የሚገባበት ቦታ፣ የክሪስታሉ ቦታ፣ የተጻፈው ስም። ቀጥሎ ፍተሻው በየትኛው አንቴና እንደተሠራ ፈልጉ። በሪፖርቱ ትንሽ አንቴና ተጽፎ እናንተ ትልቅ ብትገጥሙ ሪፖርቱ የእናንተ መሆኑ ያበቃል። በመጨረሻ ላቦራቶሪው የላቦራቶሪዎች ብቃት መለኪያ በሆነው በአይሶ 17025 ዕውቅና እንዳለው፣ ዕውቅናውም የሬዲዮ ፍተሻን እንደሚያካትት አረጋግጡ። በሌላ ሥራ ዕውቅና ኖሮት ሬዲዮ የማይጨምር ይኖራል።

ክዳን ያለውን ሞጁል አዘዝን። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው።

ኅዳር 6

ዛሬ ሙሉ ቀን በእርሳስና በወረቀት ነበር። ዲዛይናችንን በአውሮፓው መለኪያ ልክ እንሠራለን ብለናል። ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ላሉ ትንንሽ ሬዲዮዎች የሚያገለግለው ኢኤን 300 220 ነው። ለተቀባዩ ዋይፋይ ኢኤን 300 328 አለ።

የመጀመሪያው ቁጥር ኃይል ነው። ከ868.0 እስከ 868.6 ባለው ቦታ የሚፈቀደው 25 ሚሊዋት ነው፣ ዲቢኤም በሚባለው የሬዲዮ ኃይል መለኪያ 14። የኛ ኮድ ላይ የነበረው 20 ዲቢኤም፣ ማለትም 100 ሚሊዋት። «ሩቅ ይድረስ» ብለን ነበር። በዚያ ላይ ጣሪያ ላይ ለማቆም ያሰብነው ረጅም ነጭ አንቴና 5 ዲቢአይ ነው፣ ዲቢአይ አንቴናው ምልክቱን ምን ያህል እንደሚያጠናክር የሚናገር ቁጥር ነው። ገደቡ የሚቆጠረው ከቺፑ በሚወጣው አይደለም፣ ከአንቴናው ወደ አየር በሚሄደው ነው። ስለዚህ 20 ሲደመር 5፣ ሲቀነስ 2.15 (ገደቡ የሚቆጠረው ከተራ ዳይፖል አንቴና አንጻር ነው፣ የእሱ ቁጥር ደግሞ 2.15 ነው)፣ ይሆናል 22.85 ዲቢኤም። ወደ ሚሊዋት ሲመለስ 193 ገደማ ነው። ከተፈቀደው ወደ 8 እጥፍ ማለት ነው። ሁለታችንም ወረቀቱን እያየን ዝም አልን።

ሁለተኛው ቁጥር የአየር ጊዜ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንድ መሣሪያ በሰዓት ከ1 በመቶ በላይ አየር መያዝ የለበትም። 36 ሰከንድ ነው። ቦኖ ላይ ያለውን ወረፋ አስቡት። አንዱ ጀሪካኑን ሞልቶ ዘወር ይላል፣ ሌላው ይቀዳል። እዚያው ቆሞ በርሜል የሚሞላ ሰው ቢመጣ ሰፈሩ ይጮኻል። ደንቡም የሚለው ይኼንኑ ነው።

የኛ ኮድ በየ30 ሰከንዱ ይልክ ነበር። በሎራ ቀርፋፋው አካሄድ፣ ኤስኤፍ 12 በሚባለው። የ12 ባይት መልእክት በዚያ አካሄድ ከ1.1 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። በሰዓት 120 መልእክት ነው። ወደ 139 ሰከንድ። ከተፈቀደው ወደ 4 እጥፍ። ለምን? የሮቶ ውኃ በ30 ሰከንድ ውስጥ ምን ይሆናል? ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ጣሪያውና እንግዳ መቀበያው መካከል 40 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ወደ ኤስኤፍ 9 ወረድን። ያው መልእክት 144 ሚሊሰከንድ ብቻ ሆነ። በየ10 ደቂቃው እንዲልክ አደረግን። በሰዓት 6 ጊዜ። ጠቅላላው 1 ሰከንድ አይሞላም። ኃይሉን 14 ላይ አሰርነው፣ አንቴናውን አጭሩን ባለ 2 ዲቢአይ አደረግን። ባትሪውም ብዙ ይቆያል። ደንብ ለማክበር ብለን የነካነው ሁሉ ዕቃውን አሻሻለው። ይኼን ስጽፍ ከልቤ ደስ እያለኝ ነው።

ኅዳር 22

የሦስት ሌሊት ሥራ።

የማሲንቆን ጅማት ስትነካው ከዋናው ድምፅ በላይ ሌላ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ሬዲዮም እንደዚያ ነው። በ868.3 የሚናገር ሬዲዮ ትንሽ ትንሽ በእጥፉም ይናገራል፣ በ1736.6። ሃርሞኒክ ይሉታል። ያ ቁጥር የትም ቢወድቅ ግድ አይሰጥም ብዬ ነበር። ከዚያ የባንዱን ሠንጠረዥ አየሁ። በ1800ው ባንድ ስልኮች ወደ ታወር የሚናገሩት ከ1710 እስከ 1785 ነው። የኛ እጥፍ ድምፅ መሃሉ ላይ ይወድቃል። ከ915 ሸሽተን በሌላ በር ወደዚያው ቤት።

በመለኪያው መሠረት ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ የሚወጣው ትርፍ ድምፅ ከ1 ማይክሮዋት መብለጥ የለበትም፣ −30 ዲቢኤም። ትክክለኛ መለኪያ መሣሪያ የለንም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛችን አርቲኤል-ኤስዲአር የሚሏትን፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ሬዲዮ የምትሰማ የዩኤስቢ ዶንግል አዋሰን። የምትሰማው እስከ 1766 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። ለጥቂት ደረሰችልን።

አየር ላይ ምንም አልለቀቅንም። ሞጁሉን በኬብል፣ ኬብሉን ከኃይል ማዳከሚያ ጋር፣ ማዳከሚያውን ከዶንግሏ ጋር አገናኘን። መጀመሪያ ያየነው አስደነገጠን። 1736.6 ላይ ቀጥ ያለ ግንድ ቆሟል። ግን ማመን አልቻልኩም። እንዲህ ያለች ርካሽ ዶንግል ብዙ ኃይል ሲገባባት ከራሷ ውስጥ ሃርሞኒክ ትፈጥራለች። የማን ነው?

መለያ መንገድ አለው። መሃል ላይ ሌላ 10 ዲቢ ማዳከሚያ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ አንድ አሥረኛ የሚያወርድ፣ ጨምሩ። ምልክቱ ከሞጁሉ የመጣ ከሆነ በ10 ይወርዳል። ዶንግሏ የፈጠረችው ከሆነ በ20 ገደማ ይወርዳል። ጨመርን። ግንዱ በ20 ወረደ። የእሷ ነበር። ሌላ 10 ጨመርን፣ አሁን በ10 ብቻ ወረደ። እንግዲህ ይኼኛው እውነተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ነበር ማወዳደር የጀመርነው።

ራቁቱ ሞጁልና ባለ ክዳኑ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ባለ ክዳኑ በጣም ዝቅ ያለ ነው። እሱም ቢሆን የኛ ቦርድ ላይ ሲገጠም ትንሽ ከፍ አለ፣ ወደ አንቴናው የምትሄደውን መስመር አርዝሜያት ነበርና። መስመሯን አሳጠርኩ። መግቢያው ላይ ሁለት ካፓሲተርና አንድ ኮይል አስገባሁ፣ ዝቅተኛውን የሚያሳልፍ ከፍተኛውን የሚያስቀር ወንፊት ነው። ኮይሏ የሩዝ ፍሬ እንኳ አታክልም። ትንፋሼን ይዤ ነው የበየድኳት። ሁለቴ ወለል ላይ ወድቃ በባትሪ ፈልገናታል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ግንዱ ጠፋ። የቀረው እንደ ሣር ዝቅ ያለ ጫጫታ ነው።

ታኅሣሥ 14

ላቦራቶሪ መረጥን፣ ውጭ አገር ያለ። ክፍያው እስካሁን ለቦርድ ካወጣነው ሁሉ ይበልጣል። ከወንድሜ ተበደርኩ።

ሁለት ነገር ጠየቁን። አንደኛ፣ አንዱ ናሙና በአንቴናው ፋንታ የኬብል መግቢያ ይኑረው፣ ሌላው እንደሚሸጠው ሆኖ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ሬዲዮው ሳያቋርጥ እንዲናገር የሚያደርግ የፍተሻ ኮድ ይጫንበት። በየ10 ደቂቃው 144 ሚሊሰከንድ የሚናገርን ዕቃ መለካት አይቻልማ። ጓደኛዬ በሁለት ቀን ጻፈው። በሚሸጠው ዕቃ ላይ ይኼ ኮድ ፈጽሞ እንዳይኖር ተስማምተናል።

ሦስተኛው ችግር ያልጠበቅነው ነው። ዕቃ ላኪው ድርጅት የሊቲየም ባትሪ ያለበትን ካርቶን አልቀበልም አለ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሊቲየም ባትሪ ዩኤን 38.3 የሚባል የራሱ ፍተሻ ሰነድ ይፈልጋል። ባትሪውን የገዛንበት ሱቅ ስለዚህ ሰምቶ አያውቅም።

ሰነዱን ፍለጋ አንድ ሳምንት ከባከነ በኋላ እማማን አስታወስኩ። ባትሪው ቢያልቅ ማን ይቀይርላቸዋል? ሊቲየሙን ተውነውና በየሱቁ የሚሸጠውን ተራ የባትሪ ድንጋይ አደረግን፣ ሦስት ፍሬ። መጀመሪያም እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ጥር 9

ከተማዋ ሞልታለች። ነገ ከተራ ነው። ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ በእግር መሄድ ራሱ ሰዓት ይፈጃል። እማማ ጋ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ፍራሽ ተነጥፏል።

መሣሪያውን ልንሸጥላቸው አልቻልንም፣ ግን ባዶ እጃችንን አልሄድንም። ሬዲዮውን ነቅለን ሴንሰሩን ብቻ ሮቶው ላይ ገጠምን። የሚለካውን ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ምንም ወደ አየር አይልክም። ጎን ለጎን የእማማ የልጅ ልጅ በየሦስት ሰዓቱ መሰላል እየወጣ በቀለም መስመር ባሰመርንበት እንጨት ይለካል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል። እማማ ከደብተሩ እያዩ ቦቴ ይጠራሉ።

ጥር 13

በዓሉ አለፈ፣ ውኃ አላለቀም። ትናንት ደብተሩንና ካርዱን አስተያየን።

ቀን ቀን ይገጥማሉ። ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ ግን ሴንሰሩ «ሮቶው ሞልቷል» ይላል፣ ልጁ ደግሞ ግማሽ ብሎ ጽፏል። ልጁን «እንቅልፍህን ሳትጨርስ ለክተህ ይሆናል» አልኩት። «ኧረ በፍጹም! ጋሼ፣ ነገ አብረን እንውጣ» አለኝ።

ዛሬ አብረን ወጣን። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ የጥር ብርድ ጣት ይቆርጣል። ክዳኑን ከፍተን ሴንሰሩን ከሥር በስልክ መብራት አየነው። ፊቱ ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ሌሊት የቀዘቀዘው ክዳን ላይ እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ ነው። ድምፁ ውኃው ጋ ሳይደርስ እሷ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ልጁ ልክ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሴንሰሩን ከክዳኑ በላይ በቆመ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ትንሽ ዘንበል አድርገን አስገባነው። ጠብታው አሁን ወደ ዳር ይንሸራተታል። ቱቦው ሌላም ጠቀመን። ይኼ ሴንሰር ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ያለን ነገር በትክክል አያይም፣ ሮቶው ጢም ሲል ይሳሳት ነበር። አሁን ያ ርቀት ቱቦው ውስጥ ያልቃል።

ይኼን ሁሉ ናሙናው ሳይላክ ማወቃችን ትልቅ ዕድል ነው። ከፍተሻ በኋላ ሳጥኑን ብንቀይር የተፈተሸውና የምንሸጠው አንድ አይሆኑም ነበር።

ጥር 24

ናሙናዎቹ ሄዱ።

መጋቢት 2

የመጀመሪያው ውጤት መጣ። ሬዲዮው አለፈ፣ ሁለቱም ክፍል። ያ በሦስት ሌሊት የታገልነው ሃርሞኒክ ከገደቡ 11 ዲቢ በታች ነው። ጓደኛዬ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበው።

የወደቅነው በማናስበው ነው፣ በስታቲክ። ሹራብ አውልቃችሁ የበር እጀታ ስትነኩ ጣታችሁን ቁንጥር የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። በኢኤን 301 489 መሠረት ዕቃው ላይ በአየር 8 ሺህ ቮልት፣ በንክኪ 4 ሺህ ቮልት ይለቀቅበታል። የቤት ውስጡ ተቀባይ ቁልፉ አጠገብ ሲመታ ስክሪኑ ደረቀ። ነቅለው እስኪሰኩት አልተመለሰም። ለቅጽበት ቢደናገጥ ችግር የለውም፣ ራሱ መመለስ ግን አለበት።

ይኼ የቢሮ ጣጣ አይደለም። በበጋ ደረቅ አየር እማማ በነጠላቸው ሆነው ቁልፉን ቢነኩት ስክሪኑ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። እሳቸው ውኃ አለ ብለው ይተኛሉ። ላቦራቶሪው ያንን ነው ያዳነን።

ቁልፉ ላይ መከላከያ ዳዮድ ጨመርኩ። ጓደኛዬ ኮዱ ከቆመ ራሱን የሚያስነሳ ጠባቂ አስገባ። ሌላ ናሙና ላክን።

መጋቢት 29

አለፈ።

ሚያዝያ 9

ፋይሉ ተሰናድቶ ገባ። ማመልከቻው፣ ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የሬዲዮው፣ የኢኤምሲው (ስታቲኩ ያለበት፣ ዕቃው ሌላውን ሳይረብሽ ራሱም ሳይረበሽ መሥራቱ የሚታይበት) እና የደኅንነቱ ሪፖርት፣ የተስማሚነት መግለጫው፣ ንድፉ፣ የውስጥና የውጭ ፎቶው፣ የአጠቃቀም መመሪያው። መመሪያውን በአማርኛም ጻፍነው። እሱ ላይ ከሁሉም በላይ የደከምኩበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከመሣሪያው ጋር ከመጣው አንቴና ሌላ አይግጠሙ።» ምክንያቱንም ከሥሩ በሁለት መስመር አስረዳሁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ትእዛዝ አይጥስም ብዬ አምናለሁ።

ሚያዝያ 30

ጥያቄ መጣ። የሞዴል ስሙ በየሰነዱ አንድ አይደለም። ልክ ናቸው። «ጠብታ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ማመልከቻው ላይ በአንድ ቢ ነው። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቢ አለው። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ላይ ደግሞ ከቲው ቀጥሎ ኤች ገብቷል። አንድ ስም፣ ሦስት አጻጻፍ። እኔ ለጥቅምቱ ሻጭ በአንዲት ፊደል ምክንያት ሪፖርቱን መልሼበት ነበር። ለሰው የማልቀበለውን ራሴ አደረግኩት።

በሪፖርቱ አጻጻፍ ተስማማን። ሪፖርቱን ለማስቀየር ላቦራቶሪው ሌላ ክፍያ ይጠይቃል፣ ማመልከቻውና ተለጣፊው ግን በእጃችን ነው። ዛሬ ማታ 50 ተለጣፊ ቀድጄ ጣልኩ፣ አዲሱን ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁ። ፎቶዎቹንም በአዲሱ ተለጣፊ እንደገና ማንሳት አለብን።

ግንቦት 3

ፎቶው ተነሳ፣ የታረመው ማመልከቻ ተመልሶ ገባ። ወደ ቤት ስሄድ በእማማ በኩል አለፍኩ። መሰላሉ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። የልጅ ልጃቸው ደብተሩን እስካሁን አላቆመም፣ ሁለተኛ ደብተር ጀምሯል። «ውኃው ዛሬ 64 ሴንቲ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።